ከሩቅ የሚያመጣው ሌንስ እና ቀርቦ የሚያነሳው



የጀመዓችን የፎቶ ክፍል ልጆች አራት ነን። ያለን ካሜራ ግን አንድ ነው፤ አንድ ወንድማችን ተመርቆ ሲወጣ የተወልን ካኖን። አብሮት የነበረው ሌንስ ዘንድሮ ተበላሸ። ከየኪሳችን ያዋጣነው ገንዘብ ለአንድ ሌንስ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ተቀምጠን ተማከርን፤ ከ55 እስከ 250 ሚሊ ሜትር የሚስበውን ዙም እንግዛ ወይስ 50 ሚሊ ሜትር ላይ የጸናውን ፕራይም?

ሁለታችን ዙሙን መረጥን። ምክንያታችን ምረቃ ነው። ተመራቂው መድረክ ላይ ነው፤ እኛ ከወላጆች ጀርባ ነን። በዚያ ግፊያ ወደ ፊት መራመድ አይታሰብም። በ50 ሚሊ ሜትር ብናነሳው ልጁ የክብሪት እንጨት አክሎ ይወጣል። ከሩቅ አገር የመጣች እናት ደግሞ ማየት የምትፈልገው የልጇን ፊት እንጂ የአዳራሹን ጣሪያ አይደለም።

ሁለታችን ፕራይሙን አልን። የረመዳን ኢፍጣር የሚነሳው ከመግሪብ በኋላ፣ በደካማ አምፖል ነው። ዙሙ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ብርሃን ማስገቢያው ከ5.6 በላይ አይከፈትም፤ ፕራይሙ እስከ 1.8 ይከፈታል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ስለሚሰፋ፣ ፕራይሙ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። እሱ በሰከንድ 100ኛ የሚይዘውን፣ ዙሙ በሰከንድ 10ኛ ነው የሚይዘው። በዚያ ፍጥነት ተምር የሚያቀብል እጅ ጭስ መስሎ ይቀራል። የዙሙ መንቀጥቀጥ መከላከያም የእኛን እጅ ያረጋጋል እንጂ የሚንቀሳቀሰውን ሰው አያቆምም።

ክርክሩ እኩል ለእኩል ነበር። የለየልን ሌላ ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት በውሰት ዙም ስንለማመድ፣ አንዲት እህታችን ዛፍ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ አየናት። ከሩቅ አነሳናት። ፎቶው አማረብን፤ ሳንጠይቃት በቴሌግራም ቻናላችን ላይ ለቀቅነው። በማግስቱ መጣች። ለካ ያን ቀን የአባቷን መታመም ሰምታ ኖሯል፤ ለማንም አልተናገረችም። «አጠገቤ መጥታችሁ ምን ሆንሽ አላላችሁኝም፤ ፊቴን ግን ወሰዳችሁ» አለችን። መልስ አልነበረንም። ፎቶውን አጠፋነው፤ ያየው ሰው ግን አይቶታል። አፉ በይን አልናት። አፉ አለችን።

ጥፋቱ የእኛ እንጂ የሌንሱ አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡን ሠራነው። በእኛ ካሜራ በ250 ሚሊ ሜትር ከአሥር ሜትር የሚነሳ ፊት፣ በ50 ሚሊ ሜትር እንዲያው ሆኖ እንዲወጣ ሁለት ሜትር ድረስ መቅረብን ይጠይቃል። ሁለት ሜትር ላይ የቆመ ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ ማለፍ አይችልም። ዓይኗን ባየን ኖሮ ካሜራውን እናወርድ ነበር።

ፕራይሙን ገዛን። በመጀመሪያው ኢፍጣር አንድ ማዕድ ጋ ጠጋ ብለን «እናንሳችሁ?» ስንል፣ «መጀመሪያ ቁጭ በሉና ቅመሱ» አሉን። ሾርባውን ጠጥተን አነሳናቸው። ሁለቱ እንዳይለጠፍ ጠየቁ፤ አልለጠፍንም። ከአሁን በኋላ ደንባችን ይኸው ነው፤ ሳናስፈቅድ አናነሳም፣ ሳናሳይ አንለጥፍም።

የምረቃው ጭንቀት ግን አሁንም አለብን። እናቶቹን ባዶ እጃቸውን መሸኘት አንፈልግም። ካኖን ላይ የሚገጥም ዙም ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለአንድ ቀን ብታውሱን ባለቤቱ ከአጠገባችን ቆሞ ቢጠብቀውም ቅር አይለንም። በሰላም እንመልሳለን፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም