የምትወልቅ የመሰለችን መንጋጋ

ጎንደር ውስጥ የወለቀ የወተት ጥርስ ወግ አለው። ልጁ በምላሱ ሲነቀንቀው ይሰነብታል፤ ወልቆ መዳፉ ላይ ሲወድቅ ቤተሰቡ ይስቃል፣ ጥርሱም ጣሪያ ላይ ይወረወራል፣ አዲስ እንዲበቅልለት ይለመናል። በዚያው ሰሞን፣ ስድስት ዓመት ግድም፣ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አራት መንጋጋዎች ይበቅላሉ፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። የሚለቅላቸው ጥርስ ስለሌለ የሚወረወር የለም፤ ልብ የሚላቸውም የለም። እናት ድንገት ብታያት እንኳ «የወተት ናት፣ ትወልቃለች» ብላ ታልፋለች። አትወልቅም። ልጁ ሰማንያ ዓመት ቢኖር ቆሎውን የሚፈጭባት እሷ ናት፤ ከሄደች ተተኪ የላትም።

የሚቆጨኝ ይኸው ነው። ቀሐ ወንዝ አካባቢ ያደገ ሰው ጉንጩን በነጠላ አስሮ የሚያቃስት ጎረምሳ ሳያይ አልቀረም። ቅርንፉድ ይደረግለታል፣ ነጭ ሽንኩርት ይጠቀጠቅለታል፣ አረቄ ተጉመጥመጥ ይባላል። ነጭ ሽንኩርቱ ድዱን ያቃጥለዋል እንጂ ጉድጓዱን አይደፍነውም። ከጥቂት ቀን በኋላ ሕመሙ ጋብ ሲል ቤቱ እፎይ ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የተሻለው ድኖ ሳይሆን የጥርሱ ነርቭ ሞቶ ነው። ከዚያ እብጠቱ ይመጣል፣ ከእብጠቱ በኋላ ጉጠቱ። ተነቅላ ሳህን ላይ የምትጣለው አብዛኛውን ጊዜ ያችው የስድስት ዓመቷ መንጋጋ ናት።

የጥርስ የላይኛው ሽፋን በሰውነታችን ካለው ሁሉ ጠንካራው ነው። ይሁን እንጂ የተሰበረ አጥንት ወጌሻ ይይዘውና ይጋጠማል፤ ይህ ሽፋን ሕይወት ያለው ሴል ስለሌለው አንዴ ከተቦረቦረ ራሱን አይሞላም። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ባገኙ ቁጥር አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱ ሽፋኑን ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲያሟሟ ይቆያል። ከዚያ ምራቅ ቀስ በቀስ ያጠነክረዋል፤ ጊዜ ካገኘ ነው ታዲያ።

እስቲ ቡናችንን አስቡት። አቦል በስኳር፣ ቶና በስኳር፣ በረካ በስኳር። ወሬው ሁለት ሰዓት ከፈጀ አፉም ሁለት ሰዓት ያለ ዕረፍት አሲድ ውስጥ ቆየ ማለት ነው። ልጅ ደግሞ አጠገብ ቁጭ ብሎ ከስኒው ሥር የቀረውን ስኳር በጣቱ ይልሳል፤ እኛም እንስቃለን። በገጠር ቡና በጨው ይጠጣ ነበር። ጨው ለደም ግፊት አይበጅም፣ ጥርስን ግን አልቦረቦረም። የዘመንን ሲመስለን ስኳሩን አበዛነው፤ ለስላሳ መጠጡንም ጨመርንበት። 300 ሚሊ ሊትር በምትይዘው ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፣ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ከምግብ ጋር አንዴ ተጠጥቶ ቢያልቅ ጉዳቱ ባነሰ ነበር፤ ከፋ የሚባለው ግማሽ ቀን ይዞ መጎንጨቱ ነው።

የቀረውን ጉዳት ደግሞ በገዛ እጃችን እናመጣዋለን። ለጥምቀት ቀሐ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ የተሰበሰበ ጎረምሳ መክፈቻ የጠፋ ይመስል የቢራ ቆርኪ በመንጋጋው ይከፍታል፤ ሸንኮራም በጥርሱ ይልጣል። ሳይለቀም የተቆላ ቆሎ ውስጥ የገባች ጠጠርም የድርሻዋን ትሰነጥቃለች። ሎሚ የመጠጠ ሰው ደግሞ ወዲያው ሊቦርሽ ይሮጣል፤ አሲዱ ያለሰለሰውን ሽፋን በብሩሽ እየጠረገ መሆኑን የነገረው የለም። በውኃ ተጉመጥምጦ ግማሽ ሰዓት መቆየት ይበቃው ነበር።

መፋቂያስ ሞልቶልን የለ? ወይራው በየደጁ፣ ክትክታው በየተረተሩ። እየፋቀ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው የሌለበት ሰፈር አላውቅም። ችግሩ የምንፍቀው ስንስቅ የሚታየውን ብቻ መሆኑ ነው። በምላስ በኩል ያለውን ጎንና የመንጋጋን ጎድጓዳ ማን ይነካዋል? ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ሲመጣም ልማዱ አብሮ ተሻገረ፤ ጠዋት ፊት ፊቱን፣ ማታ ምንም። ስንተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ የማታው ነበር ዋናው። ቦርሾ አረፋውን መትፋት እንጂ በብዙ ውኃ አለመታጠብም ይሻላል፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ይቆይ።

ይህ ሁሉ የጤና ትምህርት ያልደረሰበት አገር ላይ ቢሆን እሺ። የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው እዚሁ ጎንደር ነው፤ ወባ ደምቢያን ከፈጀ በኋላ፣ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያደገው ከዚያ ነው። የኮሌጁ ሐሳብ ታሞ የሚመጣን ከመጠበቅ መንደር መውረድ ነበር። ለምንጭ ውኃ ወረድን፣ ለመጸዳጃ ወረድን፣ ለክትባት ወረድን። አፍ ግን እስኪያብጥ ተጠበቀ። የሰባት ዓመት ልጅ አንደኛ ክፍል ሲመዘገብ አፉን አስከፍቶ መንጋጋዋን ማየት አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ለወላጁ «ይህቺ አትወልቅም፣ ማታ ማታ አንተው ቦርሽለት» ማለት ደግሞ ግማሽ ደቂቃ። መሰርሰሪያ አይጠይቅ፣ መብራት አይጠይቅ። ሰባ ዓመት ሙሉ በየመስከረሙ አዲስ ልጅ ሲመዘገብ ይህ ዕድል እጃችን ላይ ነበር።

እንዳንል ደግሞ ሕፃን አፍ ውስጥ መግባት እንፈራለን! ተቅማጥና ትኩሳት በያዘው ጨቅላ ላይ ግግ ነው ብሎ ድዱን በስለት ማስቀደድን እናውቅበታለን፤ ሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ገና ሳይበቅል እያበላሸንበት። መነካት ለሌለበት ድድ ቸኮልን፣ መታየት ላለባት ጥርስ ዘገየን።

ሁለተኛዋ መንጋጋ አሥራ ሁለት ዓመት ግድም ላይ ትመጣለች፤ ከመጀመሪያዋ ኋላ፣ እሷም ምንም ጥርስ ሳይወልቅላት። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያለው ሰው ዛሬ ማታ ባትሪ ይዞ ይፈልጋት።