ፊርማ ያለው መጽሐፍ

ቅዳሜ፣ አሪዎች ከደጋው ምርታቸውን ይዘው ወደ ጂንካ ገበያ በሚወርዱበት ዕለት፣ ሌላው ሰው በቡናና በማር ዋጋ ሲከራከር፣ ጡረተኛው መምህር ጎረቤቴ የበዓሉ ግርማ ፊርማ ያረፈበትን «ኦሮማይ» ካላገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ ይላሉ።

«ጋሼ፣ መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተለቀመ፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ የቀረ ሆኖ ሳለ፣ መቼ ተቀምጦ ይፈርም ኖሯል?» እላቸዋለሁ።

እርሳቸውም፣ ምስጥ እንዳይደርስበት በቆርቆሮ ሣጥን ያኖሩትን ፊርማ አልባ የመጀመሪያ ኅትመት እንደ ንዋየ ቅድሳት በነጠላቸው ጠርዝ ይዘው፣ የኩራዝ አሳታሚን ስም ያሳዩኛል። እኔ በበኩሌ (ሰብሳቢዎች ይታዘቡኝና) በዚያ ዘመን በምስጢር ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የደበዘዘውን ቅጂ ከማናቸውም ፊርማ አስበልጣለሁ።

«አንተማ ፎቶ ኮፒ ሰብስብ!» ብለው ሣጥኑን ይቆልፋሉ።