የታሸገውን ደብዳቤ ስለ ማንበብ

ኦርዮ ከንጉሥ ዳዊት እጅ የተቀበለውን ደብዳቤ ሳይከፍት ለኢዮአብ አደረሰ። በውስጡ የነበረው የገዛ ራሱ የሞት ትእዛዝ ነው። ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ያደግን ሁሉ፣ «ምነው ከፍቶ ባየው!» ማለታችን አልቀረም። ነገር ግን የታመነ ወታደር የንጉሥ ማኅተም አይሰብርም። ዛሬ እኛ ስደተኞች በየስልኩና በየኮምፒዩተር ቤቱ የምንቀበለው ፋይል ከኦርዮ ደብዳቤ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ማኅተሙን ሳንሰብር ውስጡን ማየት መቻላችን ነው። በዚህች ገጽ ለውድ አንባብያን ልናካፍል የወደድነውም ይህንኑ ነው።

ነገሩ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ክፍል የሆነው ሲቲዝን ላብ፣ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ ያደረገ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም አግኝቶ አስታወቀ። ሥዕሉ ይታያል፤ ከሥዕሉ በስተጀርባ ሰላይ ይገባል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር፣ በውጭ አገር ይሠሩ ለነበሩ የኢሳት ባልደረቦች የጽሑፍ ሰነድ መስለው የቀረቡ ፋይሎች ተላኩ፤ ሲመረመሩ የጣሊያኑ ኩባንያ የሃኪንግ ቲም የስለላ ፕሮግራም ሆነው ተገኙ። በ2017 ደግሞ በቪዲዮ ማጫወቻ ማሻሻያ ስም የሚገባ፣ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሥራ የሆነ ሌላ ሰላይ ተጋለጠ፤ ሰለባዎቹም በ20 አገሮች ተበትነው ነበር። እነዚህ ሁሉ የታወቁት ባለሙያዎች ፋይሎቹን እንደ ሰዓት ፈትተው፣ ጥርስ በጥርስ ስለ መረመሩ ነው።

ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ራዳሬ2 ይባላል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2006 ሰርጂ አልቫሬዝ ከዲስክ ላይ የጠፋ መረጃ ለመፈለግ የጀመረው አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ምንጩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ዋጋ አይከፈልበትም፤ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ይሠራል። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ራሱ እንኳ ጊድራ የተባለውን ተመሳሳይ መሣሪያውን በ2019 ለሕዝብ በነፃ ለቆታል። እኛ በናይሮቢ ያለን ጥቂት መምህራን ግን በራዳሬ ጀመርን፤ ምክንያቱም ያለን ማሽን ከዚያ የበለጠ አይሸከምም።

በመምህራን ማሠልጠኛ «ከሚታወቀው ወደማይታወቀው» ተብለን ተምረናል። እንግዲህ ከሚታወቀው እንነሣ። ማንኛውም ፋይል የቁጥር ሰልፍ ነው፤ እያንዳንዱም ቁጥር ባይት ይባላል፤ ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። የሰልፉ መሪዎች ዘሩን ይናገራሉ። ፎቶግራፍ በጄፔግ ከሆነ በ255፣ 216፣ 255 ይጀምራል። ፒዲኤፍ የተባለው ሰነድ በ37፣ 80፣ 68፣ 70 ይጀምራል። በዊንዶውስ ላይ የሚሮጥ ፕሮግራም ግን በ77 እና በ90 ይጀምራል። ስሙንና ምልክቱን ማንም እንደ ፈለገ ሊቀባው ይችላል፤ 77 እና 90 ይዞ «ሰነድ ነኝ» የሚል ፋይል ግን የበግ ለምድ የለበሰ ነው። ፊደላችንም የራሱ ቁጥር አለው፤ በዩኒኮድ በተለመደው አጻጻፍ «ሀ» 225፣ 136፣ 128 ናት። ስለዚህ አማርኛ በግልጽ የተጻፈበትን ስፍራ የሚፈልግ ሰው 225ን ይከተል።

ይህ ትምህርት ለምን እንደ ጠቀመን እንናገር። የሦስተኛ አገር ሠፈራ ስም ዝርዝር ነው የተባለ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እኛ ዘንድ ደረሰ። ስሙን ለማየት የማይጓጓ ስደተኛ ማን ነው? ከመካከላችን ዘጠኝ ዓመት የጠበቁ አንድ ሽማግሌ «ክፈቱልኝ» አሉ። «ጋሼ፣ እንየው እንጂ አንክፈተው» አልናቸው። በራዳሬ ማየት ፋይሉን ማስኬድ አይደለምና ሰልፉን አወጣነው፤ 77፣ 90። እርሳቸው ግን ይህን አልተቀበሉም። «እስቲ ስሜን ፈልጉልኝ» አሉ። በፊደላችን ፈለግን፤ በእንግሊዝኛ ፊደልም ፈለግን፤ የእርሳቸውም የማንም ስም የለም። የተገኙት ከፕሮግራም ጋር የሚሄዱ የትእዛዝ ስሞች ብቻ ናቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያውስ አጥፉት» አሉ። አጠፋነው። በዚያ ቀን ከእኛ ማንም ብዙ አልተናገረም፤ ሐሰተኛ ዝርዝር ማጥፋት ቀላል ነው፤ ሐሰተኛ ተስፋ ማጥፋት ግን ያማል።

መሣሪያው ሁሉን እንደማይገልጥም ልብ ማለት ይገባል። የተጨመቀና የተመሰጠረ ፋይል የሚነበብ ቃል አይሰጥም፤ ስም ስላልተገኘበትም ንጹሕ ነው አይባልም። ቁጥሩ ፋይሉ ምን እንደሆነ እንጂ ማን እንደላከው አይናገርም፤ በዚህ ተነሥቶ ጎረቤትን መጠርጠር ከሰላዩ የከፋ ጉዳት ያመጣል። ደግሞም ሰላይ በፋይል ብቻ አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በዚሁ በናይሮቢ ታስረው በነበሩ የፊልም ሠሪዎች ስልኮች ላይ ፍሌክሲስፓይ የተባለ ፕሮግራም መጫኑን ሲቲዝን ላብ አረጋግጧል፤ ስልኮቹ በፖሊስ እጅ ሳሉ ነው። ስለዚህ ከእጅ ወጥቶ የተመለሰ ስልክ እንደ አዲስ እንግዳ ይታይ።

አንባብያን ሆይ፣ ከላይ የጻፍናቸውን ቁጥሮች በየደብተራችሁ ገልብጡ። ለልጆችም አስተምሯቸው፤ ሀሁ ለቆጠረ ልጅ 77 እና 90 አይከብደውም። የሚያጠራጥር ፋይል የደረሰው ሰው ሳይከፍት ይያዘው፤ ይህችን ጽሑፍ ይዛችሁ ከምትመጡት ጋር አብረን እናነባለን።