ማረፍ ፈልጌ ዮጋ ስጠይቅ



በኤሌክትሪክ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ከሮጥኩ በኋላ ሰውነቴ ዛለ። ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ቀን ልጆቼ ሲጠሩኝ እንኳ እበሳጫለሁ። የሥራ ባልደረባዬ «የዮጋ ጥሞና ሞክር» አለኝ። እናቴ ስትሰማ «ልጄ፣ ለባዕድ አምላክ ልትሰግድ ነው?» ብላ ደነገጠች።

ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት እየደወልኩ ሦስት ነገር ጠየቅሁ፦ ሰንበት እንዴት ይውላል? ለምስል መስገድ አለ? ጠዋት ጸሎቴን ማድረስ እችላለሁ?

ኪነሬት አጠገብ፣ በኪቡጽ ደጋንያ ቤት፣ ዮጋ ባይሆንም የ10 ቀን የዝምታ ትምህርት አለ፤ ቪፓሳና ይባላል። ክፍያ የለውም፤ የጨረሰ ሰው የፈቀደውን ይሰጣል። ነገር ግን ለ10 ቀን ጸሎትን መተው ይጠይቃል። ሕጋቸውን አከብራለሁ፤ ለእኔ ግን አልሆነም።

በመጨረሻ ሚጽፔ ራሞን ከእሑድ እስከ ረቡዕ የሚቆይ አነስተኛ ጥሞና አገኘሁ። መምህርቷ «እኛ ትንፋሽና ሰውነት እናስተምራለን፤ ጸሎትህ ያንተ ነው» አለችኝ። ጠዋት ከገደሉ አፋፍ ቆሜ ጸለይኩ፤ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ተዘረጋሁ። በሁለተኛው ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ።

ለእናቴም እንዲህ አልኳት፦ «ገለል ብሎ ዝም ማለት ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአባ ሰብራ ጀምሮ፣ ቤተ እስራኤል መነኮሳት ነበሯት።» እሷም «እነሱስ ለፈጣሪ ብለው ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ የሄድኩት ለማረፍ ነው፤ ግን ካረፍኩ ወዲህ ጸሎቴን ሳልቸኩል አደርሳለሁ።

የደከማችሁ ካላችሁ ማረፍ ነውር አይደለም። ብቻ ጠይቃችሁ ሂዱ። እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጠን።