በዩታ የጨው ምድር

ከሶልት ሌክ ሲቲ በስተምዕራብ ወደ ዌንዶቨር የሚወስደው መንገድ ዳርና ዳሩ ጨው ነው፤ ነጭነቱ ዓይን ይወጋል። ዌንዶቨር አጠገብ ጨዋማውን ውሃ በኩሬ አጠራቅመው በፀሐይ እያተነኑ ፖታሲየም ክሎራይድ ያመርታሉ። ዳሎላችንም የያዘው ይህንኑ ማዕድን ስለሆነ አገሬን ሳላስብ ማለፍ አልቻልኩም። አብዛኛው ምርት ማዳበሪያ ይሆናል። እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ወጉ ነው፦ ከጀርመን መጥቶ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የፊዚክስ ሊቅ ፍሪትስ ሉቲ ለዓመታት የመረመረው የዚህን ጨው ክሪስታል ነው።

ንጹሑ ክሪስታል ጥርት ያለ ነው። ፖታሲየምና ክሎሪን እየተፈራረቁ በተራ ተሰልፈውበታል። ጨው ሲቀልጥ ጥቂት ሃይድሮክሳይድ ቢጨመርበት፣ ይህ ባዕድ አዮን የአንዳንዱን ክሎሪን ቦታ ይወርሳል። ክሎሪን ድቡልቡል ነበር፤ ተተኪው ግን ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተጣመሩበት፣ ሁለት የተለያዩ ጫፎች ያሉት ነውና እንደ ኮምፓስ መርፌ አቅጣጫ አለው። የሚመርጣቸው አቅጣጫዎች ስድስት ናቸው፦ ላይና ታች፣ ፊትና ኋላ፣ ቀኝና ግራ። በተራ ሙቀት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ይውላል። ክሪስታሉ በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ግን የኤሌክትሪክ መስክ ወደ ራሱ አቅጣጫ ያዞረዋል።

መዞሩን የሚናገረው ብርሃን ነው፤ እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝም ይህ ነው። አዮኑ 204 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይውጣል። መስኩ ሲበራ፣ ከመስኩ ጋር ትይዩ የሚርገበገበው ብርሃንና ተሻግሮ የሚርገበገበው እኩል አይዋጡም። ልዩነቱን የለካ ሰው ስንቱ አዮን ወዴት እንደዞረ ያውቃል። ኩን የተባለ ተመራማሪና ሉቲ እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳሳዩት ደግሞ፣ መስኩ ሲነሣ አዮኖቹ እንደገና ይበታተናሉ፤ ለዚያ የሚሹትን ሙቀት ከክሪስታሉ ስለሚወስዱ ክሪስታሉ የባሰ ይቀዘቅዛል።

ባዕዱ አዮን ሲበዛ ግን አዮኖቹ እርስ በርስ ይጓተታሉ፤ የእያንዳንዱ ጠባይ መለየቱ ይቀራል። ትዕግሥትና ጥንቃቄ የሚጠይቀው ጥቂቱን በልኩ መጨመር ነው።

ፈሳሽ ሂሊየም ውድ ነው። ጨው ግን በ770 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የሃይድሮክሳይዱን አሻራም በተራ ሙቀት ማየት ይቻላል። አገር ቤት ያላችሁ የፊዚክስ መምህራን፣ ምድጃና የአልትራቫዮሌት ስፔክትሮፎቶሜትር ካገኛችሁ ተማሪዎቻችሁን በዚህ ጨው አስጀምሯቸው።