ዜማም ውርስ ነው

እናንተ ቤት ዘፈን የሚሠራ ሰው አለ? ለመልስ ከመቸኮላችሁ በፊት እስቲ አስቡበት። በሯን ዘግታ ጊታር የምትነካካ ልጅ፣ መኪና ሲነዳ የራሱን ዜማ የሚያንጎራጉር ባል፣ ለሰርግና ለልደት ግጥም ካልደረደረች የማያስችላት እህት… ብዙ ቤት አንድ አይጠፋም። የቤቱን ካርታና የመኪናውን ሊብሬ በፕላስቲክ ጠቅልለን ቁም ሣጥን ውስጥ እንቆልፋለን። ዘፈኑን ግን ንብረት ነው ብሎ የሚያስቀምጠው ጥቂት ሰው ነው።

እኔ ያደግሁት በዜማ ደራሲ ቤት ነው። አባቴ ቀን ያስተምራል፣ ማታ ዜማ ይሠራል። ዜማ ሲመጣለት በትንሿ ቴፕ ባዶ ካሴት ላይ ያንጎራጉርና በተማሪ ደብተር ላይ ግጥሙን፣ ቀኑን፣ ዜማውን ለማን እንደሰጠው ይጽፋል። ክፍያው አንድ ጊዜ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነበር። ውል የሚባል ነገር አልነበረም፤ መተማመን ነበር።

እሱ ካረፈ ከሦስት ዓመት በኋላ አንዱ ዘፈኑ በአዲስ ቅንብር ወጣ። እናቴ ከቴሌቪዥኑ እንደሰማችው «ይኼ የአባታችሁ ነው» አለች። ዜማው ላይ የተጻፈው ግን የሌላ ሰው ስም ነበር። እናቴ ገንዘብ አልጠየቀችም፤ ስሙ እንዲመለስ ብቻ ነበር የፈለገችው። ዘፈኑን ያወጡት ሰዎች «ማስረጃ አላችሁ?» ሲሉን ደብተሩንና ካሴቱን ይዘን ሄድን። ቀኑ የተጻፈበት ገጽና የአባቴ ድምፅ ክርክሩን ጨረሱት፤ ስሙ ተስተካከለ። የእሱ መሆናቸውን የምናውቃቸው ሌሎች ሁለት ዘፈኖች ግን በደብተሩም በካሴቱም የሉም። እነሱ እስከ ዛሬ በሌላ ሰው ስም ይጠራሉ፤ እናቴም በሰማቻቸው ቁጥር ዝም ትላለች።

የአገራችን ሕግ ለዘፈን ደራሲ የሚሰጠው ጥበቃ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው የራሳችሁ ፈጠራ እስከሆነና በወረቀትም ሆነ በድምፅ እስከተቀረጸ ድረስ መብቱ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ የእናንተ ነው። መብቱ እንዲኖራችሁ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። በሥራው የመጠቀም መብት ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ዛሬ አፀደ ሕፃናት ያለችው ልጄ ጎልማሳ ሆና እንኳ የአያቷ ዜማ ይመለከታታል ማለት ነው።

ሕጉ የማይጠብቀውንም ማወቅ ይበጃል። ሐሳብ ብቻውን አይጠበቅም። «ስለ ስደት ልዘፍን አስቤ ነበር፣ ቀደመኝ» ብሎ ክስ የለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም የሁላችንም ቅኝቶች ናቸው፤ በትዝታ ቅኝት የዘፈነ ሁሉ ሌባ አይባልም። የእናንተ የሚሆነው በዚያ ቅኝት ውስጥ ራሳችሁ የፈጠራችሁት ዜማ ነው።

ጠብ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከባዳ ጋር ሳይሆን አብሮ ከሠራ ወዳጅ ጋር ነው። አንድ ዘፈን ግጥም አለው፣ ዜማ አለው፣ ቅንብር አለው፣ ዘፋኝ አለው። አራቱም የአንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይደሉም። ስለዚህ ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ማን ምን እንደሠራ፣ ገቢ ቢመጣ ማን ስንት በመቶ እንደሚወስድ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙ። «በእኛ መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ዛሬ ለምትዋደዱት ለእናንተ ሳይሆን ነገ ለማይተዋወቁት ልጆቻችሁ ነው።

ዘፈኑን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ደግሞ መብትን ጨርሶ ማስተላለፍና ለአንድ አገልግሎት ፈቃድ መስጠት እንደሚለያዩ አትርሱ። የቀረበላችሁ ውል «መብቴን በሙሉ አስተላልፌያለሁ» የሚል ከሆነ ለስንት ዓመት፣ ለየትኛው አገልግሎት ብላችሁ ጠይቁ። ዘፈን መቼ እንደሚነሳ አይታወቅምና። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ከተቀረጹ ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2005 በጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ለዓለም ተሰሙ። በ2010 ደግሞ ናስና ዴሚያን ማርሊ «የግሌ ትዝታ»ን መነሻ አድርገው አዲስ ዘፈን አወጡ። ሲቀረጽ ይህን ማን ገመተ?

ታዲያ ከየት እንጀምር? ዜማው እንደመጣላችሁ በስልካችሁ ቅረጹት፤ ቀኑ አብሮ ይመዘገባል። ስልክ ይጠፋልና ቅጂውን ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩ። ግጥሙን በሙሉ ጽፋችሁ ቀንና ስም አስፍሩበት። የምትተማመኑበትን ሥራ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ አስመዝግቡ፤ መብቱ ያለ ምዝገባም የእናንተ ቢሆንም፣ የምስክር ወረቀቱ «ማስረጃ አላችሁ?» ለሚል ሰው መልስ ነው። ያላለቀ ዘፈን በቴሌግራም ለብዙ ሰው አትበትኑ። ዩቲዩብ ድምፆችን የሚያመሳክርበት አሠራር ስላለው፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ቀረጻውን በስሙ ካስገባው የገዛ ዘፈናችሁ ላይ የመብት ጥያቄ ሊነሳባችሁ ይችላል።

ልጆቻችሁንም ከአሁኑ አስለምዷቸው። ልጄ ከጓደኛዋ ጋር አንድ ዘፈን ሠርታ ስታሰማኝ መጀመሪያ አጨበጨብሁ። ቀጥዬ «ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ?» አልኋት። ተያይተው ሳቁና ከደብተራቸው አንድ ገጽ ቀድደው ስማቸውን ጻፉ። ግጥም የጓደኛዋ፣ ዜማ የሁለቱም። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ ጓደኝነታቸውም አልተጎዳም። እናንተም ዛሬ ማታ ያችን ጊታር የምትነካካ ልጅ አንድ ዘፈን እንድታሰማችሁ ጠይቋት። ስትጨርስ አድንቋት፤ ከዚያ ደብተርና እስክሪብቶ አቀብሏት።