መግሪብ ላይ የሚመጣው ዓሣ

በእኛ አገር ዝናቡ በሚበረታበት በሰኔና በሐምሌ፣ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት በጋ ነው። ሰዉ ሁሉ መንጠቆውን ይዞ ወደ ውኃ ይወጣል። ግዛቲቱ የአሥር ሺህ ሐይቆች ምድር ትባላለች፤ ሲቆጠሩ ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። እኛም በሚኒያፖሊስ ከሚኖሩ ወገኖቻችንና ቁርአን ከምናስቀራቸው ልጆች ጋር ወደ አንዱ፣ ወደ ሚል ላክስ ሐይቅ ተጉዘን ነበር። ከከተማው ወደ ሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ሐይቁ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሰፋ ባሕር ይመስላል። ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 13 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህም ነፋስ ሲነሳ ፈጥኖ ይናወጣል፤ ልጆቹ ላይፍ ጃኬት ሳይለብሱ ጀልባ ላይ አላወጣናቸውም።

ሰዎች እዚህ የሚመጡት በተለይ ዋልአይ ለሚባለው ዓሣ ነው። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮም የግዛቲቱ ዓሣ ተብሎ ተሰይሟል። ዓይኑ እንደ ድመት ዓይን በጨለማ ያበራል፤ አላህ ከዓይኑ በስተኋላ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አድርጎለታልና። በዚህም ሌላው ዓሣ በማያይበት ድንግዝግዝ ያድናል። ቀን ሲሞቅ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ይቆይና ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ዳር ይጠጋል። ያችው ሰዓት ደግሞ የመግሪብ ሰዓት ናት! በሰኔ ማብቂያ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። ዓሣው መንከስ ሲጀምር እኛ መንጠቆአችንን ጠቅልለን ወደ ዳር ወጣን፤ ቂብላችንንም ወደ ሰሜን ምሥራቅ አድርገን ሰገድን። የጎረቤት ጀልባ ሰዎች በመገረም ሲያዩን ነበር።

ባስ ግን የቀን ዓሣ ነው ቢባል ይቀላል። ድንጋያማ ቦታን ይወዳል፤ በወንዞችም ውስጥ ሞልቷል። ሲያዝ ከውኃው ዘሎ እየወጣ ይታገላል። ወንዱ እንቁላሉን የሚጠብቅ አባት መሆኑን ስንነግራቸው እናቶች ሳቁ።

ለመንጠቆው ምግብ የሚሆነው በበጋ አብዛኛውን ጊዜ አልቅት ነው። ከልጆቹ ግማሾቹ አልነካም ብለው ሸሹ።

ሕጉ ከሚፈቅደው መጠን ውጪ የሆነ ዋልአይ ሁሉ ወደ ውኃው ይመለሳል። መጠኑም ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያወጣውን ስናስመልሰው፣ «ኡስታዝ፣ ልንበላው ካልሆነ ለምን አቆሰልነው?» አለን። ጥያቄው ቀላል አይደለም። የውኃ እንስሳ ያለ እርድ ሐላል ሆኖልናል፤ ነገር ግን ለመብላት ሳይሆን ለጨዋታ ብቻ ማደንን ብዙ ዑለማዎች ጠልተውታል። በዚያ ላይ የተመለሰው ሁሉ አይድንም፤ ውኃው በሞቀ መጠን ተመልሶ የሚሞተው ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በዚህ ሐይቅ የተያዘ ዋልአይ በሙሉ እንዲመለስ ታዝዞ ነበር። በ2017 ደግሞ በዚሁ ምክንያት በጁላይ ወር የዋልአይ ማጥመዱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ።

በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ኦጂብዌ የሚባሉት የአገሬው ተወላጆች በፀደይ ወቅት በመረብና በጦር ያጠምዳሉ፤ የሚያጠምዱትም ሊበሉት ነው። በ1837 ውል ያገኙትን ይህን መብት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 አጽንቶላቸዋል። ለልጁ ከብዙ ቃል ይልቅ ይህን ነገርነው።

ከዚያም በእኛ በኩል ይህን ወሰንን፦ መንጠቆ የዋጠ ዓሣ ሲያጋጥም ክሩን ቆርጦ መልቀቅ እንጂ ጉሮሮውን አለመጎርጎር፤ ለእራት የሚበቃ ሲገኝም ማቆም። ሁለት ዋልአይና አንድ ባስ ያዝን፤ መንጠቆዎቹም ወደ መኪናው ገቡ። አንዳንዶቹ አባቶች ቅር ብሏቸው ነበር።

እናቶች ልብ እንዲሉት የምንሻው አለ። ትልልቅ ዓሦች በሰውነታቸው ሜርኩሪ ያጠራቅማሉና ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ትንንሹን፣ ያውም አልፎ አልፎ ብቻ ይብሉ። የኛዎቹን በዱቄት ለውሰን ጠበስናቸው፤ በዳጣ በላናቸው። ያ ልጅ ሁለት ጊዜ ተጨመረለት።